ለአንድ ክፍል መጽሐፍ መከራየት ያዋጣል? የሐዋሳ አሮጌ መጻሕፍት ሱቆች በመምህር ሚዛን

ሐዋሳ ውስጥ ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጡ ትንንሽ ሱቆች ከመሸጥ ሌላ ሁለት ሥራ አላቸው፤ ያከራያሉ፣ ይቀይራሉም። ኪራዩ በቀን ወይም በሳምንት ይታሰባል፣ መያዣ ይጠየቃል። ቅያሪው ደግሞ አንብበው የጨረሱትን ሰጥቶ፣ ትንሽ ብር ጨምሮ ሌላ መውሰድ ነው። ለራሱ ልቦለድ ለሚፈልግ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እዚህ የምናስበው ግን ስለ ሌላ ደንበኛ ነው፤ ለ9ኛ ወይም ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎቹ የሚነበብ ነገር ስለቸገረው መምህር። እሱ ከእነዚህ ሱቆች ምን ያገኛል? የት ላይ ይከስራል? ፎቶኮፒ ቤቱ፣ ቴሌግራሙና የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍትስ የተሻለ ይሰጡት ይሆን?

መልሱን ከፊት እናስቀምጥ፤ ያዋጣል። የሚያዋጣው ደግሞ መጽሐፉ ተመላሽ ስለሆነ ነው። የ15 ዓመት ልጅ ያልጣመውን መጽሐፍ 20ኛው ገጽ ላይ ጥሎ ሌላ ማንሳት ካልተፈቀደለት፣ ማንበቡን ራሱን ነው የሚጥለው። አዲስ መጽሐፍ የሚሸጥ መደብር የተገለጠ መጽሐፍ መልሶ አይቀበልም። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የሚያውሰው አስፈርሞ ነው፤ መጽሐፉ ከጠፋ ተማሪው ክሊራንስ ላይ ይያዛል። ስለዚህ ልጁም ባይወስድ ይመርጣል፣ ሠራተኛውም ባያወጣ። አከራዩ ግን እንጀራው ያለው መጽሐፍ ሲወጣና ሲገባ ነው። ሱቅ ስትመርጡ ታዲያ ስንት መጽሐፍ እንደደረደረ ከማየታችሁ በፊት፣ ያልተወደደ መጽሐፍ እስከ ስንተኛው ቀን ያለ ጭማሪ እንደሚቀይር ጠይቁ። «አንዴ ከወጣ ወጣ» የሚል ባለሱቅ መደርደሪያው ጣራ ቢነካም ለክፍል አይሆንም።

መጽሐፉ የሚገባበትን ክፍልም ማየት ግድ ነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ስም ተጠርቶ፣ ሰሌዳው ተጠርጎ፣ ያረፈደው ገብቶ እስኪቀመጥ 5 ደቂቃው ይሄዳል። ለሁለተኛ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል 40 ተማሪ ቢሆንም፣ 60 ተማሪ ሦስት ሦስት እየሆነ ዴስክ የሚጋራበት ክፍል ብርቅ አይደለም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ ብዙ ተማሪ መማሪያ መጽሐፉን የሚያውቀው በስልክ ፒዲኤፍ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ሐዋሳ ላይ ደግሞ አንዱ ዴስክ ላይ ቤታቸው ሲዳሙ አፎ፣ ወላይትኛና አማርኛ የሚናገሩ ሦስት ልጆች ሊቀመጡ ይችላሉ። ሲዳሙ አፎና ወላይትኛ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ስለሆነ፣ አማርኛ እንደ ውኃ የሚፈስለት ልጅ ፊደሉ ላይ ሲደርስ ሊንቀረፈፍ ይችላል። መምህሩ ይህን ሳያውቅ ወፍራም ልቦለድ ሲሰጠው፣ ልጁ ማንበብ እንደማይወድ ተደርጎ ይቆጠራል።

ፈተናውም አለ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 ከመቶ። ይህን ቁጥር የሰማ ርዕሰ መምህር ልቦለድ የያዘ ተማሪ ሲያይ «ወርክሺት ቢሠራ አይሻልም?» ቢል አይፈረድበትም። ተማሪውም አማርኛ በዚያ ፈተና ውስጥ እንደሌለ አሳምሮ ያውቃል፤ «ማትሪክ ላይ አይመጣም» ይላል። ለአዋቂዎቹ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው። የእንግሊዝኛው ፈተና ምንባብ አለው፣ አፕቲትዩዱም የቋንቋ ክፍል አለው፤ አንድ ገጽ ሳይሰለች መዝለቅ ያልለመደ ልጅ ጥያቄው ጋ ሳይደርስ ሰዓቱ ያልቅበታል። ይህን በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት (ወመተህ) ስብሰባ ላይ መናገር ለጊዜው ፈቃድ ያስገኛል። ለልጁ መንገር ግን ትርፍ የለውም፤ ስለ ፈተና የሰማው ይበቃዋል።

ወደ ሱቁ ከመሄዳችሁ በፊት የክፍሉን የንባብ ፍጥነት ለኩ። ቀላል የአማርኛ ገጽ አባዝታችሁ አድሉ፣ ስልካችሁ ላይ 1 ደቂቃ ሙሉ፣ ተማሪው ድምፅ ሳያሰማ ያንብብ፣ «ቁም» ስትሉ የደረሰበትን ቃል ያስምርበት፣ ከዚያ ቃላቱን ራሱ ይቁጠር። በሌላ ገጽ ድገሙትና ሁለተኛውን ቁጥር ያዙ፤ የመጀመሪያው ላይ ሁሉም ስለሚሽቀዳደም አይታመንም። ቁጥሩ በእንግሊዝኛ ከለመዳችሁት ዝቅ ቢል አትደንግጡ፤ በእንግሊዝኛ አራት ቃል የሚፈጅ ነገር በአማርኛ አንድ ቃል ሊሆን ይችላል።

ቁጥሩ የሚፈለገው የመጽሐፉን ውፍረት ለመወሰን ነው። በደቂቃ 70 ቃል የሚያነብ ልጅ 220 ቃል የያዘ ገጽ ለመጨረስ ከ3 ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። ከክፍለ ጊዜው ለንባብ 15 ደቂቃ ቢሰጠው 5 ገጽ አይሞላም፤ በሳምንት 3 ቀን ቢያነብ 14 ገጽ ያህል ይሄዳል። ክፍል ውስጥ ብቻ ከሆነ 120 ገጽ ያለው መጽሐፍ 9 ሳምንት ይፈጃል ማለት ነው። ባለ 400 ገጹ በአንድ መንፈቀ ዓመት አያልቅም። ስለዚህ ከሱቁ የሚፈለገው ከ80 እስከ 150 ገጽ ያለው፣ ፊደሉ የማይጨናነቅ፣ ምዕራፉ ከ5 ገጽ የማይበልጥ መጽሐፍ ነው። እዚህ ላይ ሱቆቹ ይወድቃሉ። መደርደሪያቸውን የሚሞላው ከ200 ገጽ በላይ ያለው ልቦለድ ነው፤ ስስ መጽሐፍ ጠይቃችሁ ካልተፈለገላችሁ በቀር ከወፍራሞቹ መሀል ተጨፍልቆ አይታይም።

ክምችቱን በየዓይነቱ እንየው። ከፊት የሚቆመው የማትሪክ መለማመጃና ያገለገለ መማሪያ መጽሐፍ ነው፤ የሱቁ ገቢ እሱ ስለሆነ ቅር አይበላችሁ፣ እለፉት። ቀጥሎ የትርጉም ሥራዎች አሉ፤ በተለይ «ሳይኮሎጂ» የሚባሉት ራስን የማሻሻል መጻሕፍት። የሥነ ጽሑፍ መምህራን ይጠየፏቸዋል። ለንባብ ጀማሪ ግን ምዕራፋቸው አጭር፣ ሐሳባቸው ግልጽ፣ የትም ከፍቶ መጀመር የሚቻል ስለሆነ፣ ልቦለድ እንቢ ያሉ ወንዶች ልጆች ብዙ ጊዜ የሚይዙት እነሱን ነው። ለክፍሉ 25 መጽሐፍ ብትወስዱ 5ቱ ከዚያ ቢሆኑ ምንም አይደለም፤ 15 ከሆነ ግን ክፍሉ በወር ውስጥ ይሰለቻል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ምክር ስለሚሰጡ። የወንጀልና የስለላ ትርጉሞች ፈጣን ናቸው፤ ግን ገጸ ባሕርያቱ ብዙ፣ ስማቸው ባዕድ ነው። ሽፋኑ ውስጥ የስም ዝርዝር ለጥፋችሁ ካልሰጣችሁ ደካማው አንባቢ 30ኛው ገጽ ላይ ማን ማንን እንደገደለ ይጠፋዋል።

ዋናው ግዢ የአጫጭር ልቦለዶች መድበል ነው። አንዱ ታሪክ 8 ወይም 12 ገጽ ስለሆነ በሁለት በሦስት ቀን ያልቃል፤ «ጨረስኩ» የሚል ልጅ ደግሞ ሁለተኛውን ይጀምራል። ባለሱቆች መድበል ስለማይፈለግባቸው ረከስ አድርገው ይሰጣሉ፤ ተጠቀሙበት። የታዋቂ ሰዎች የሕይወት ታሪክም ጥሩ ነው፣ በተለይ ስለ ስፖርተኞች የተጻፈው። የፍቅር ልቦለዶችን ሳታገላብጡ አትውሰዱ፤ ሽፋናቸው ውስጣቸውን አይናገርም፣ ከወላጅ ጋር የሚያነታርከው አንድ ገጽ ደግሞ ሙሉውን ፕሮግራም ያስቆማል።

የእንግሊዝኛው መደርደሪያ ወፍራም የፈረንጅ ልቦለድ ይበዛበታል፤ ለ9ኛ ክፍል የሚሆን ከመሀሉ ጥቂት ነው። የምትፈልጉት በደረጃ ቀለል ተደርገው የተጻፉትን ስስ መጻሕፍት ነው፤ ሽፋናቸው ላይ የደረጃ ቁጥር፣ አንዳንዶቹ ጀርባቸው ላይ በስንት መሠረታዊ ቃል እንደተጻፉ ይገልጻሉ፤ 400፣ 700፣ 1000 እያሉ። ለ9ኛ ክፍል ከ400 ጀምሩ። ብዙ መምህር ከ1000 ጀምሮ ልጆቹን መዝገበ ቃላት ሲያስገልብጥ ይውላል፤ እሱ ሌላ ትምህርት ነው። ያለ ረዳት ዘና ብሎ ለማንበብ ከ100 ቃል 98 ያህሉ የታወቀ መሆን እንዳለበት የቋንቋ ትምህርት ጥናት ያሳያል። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ልጁ አንድ ገጽ ሲያነብ በማያውቀው ቃል ቁጥር ጣት ይጠፍ፣ አምስቱም ጣት ከታጠፈ መጽሐፉ ይቀየር። የሲዳሙ አፎ መጽሐፍ በእነዚህ ሱቆች እምብዛም አይገኝም፤ ካገኛችሁ ግን ሳትከራከሩ ውሰዱ፣ በፊደሉ ምክንያት ወደኋላ ለቀረው ልጅ በሩ እሱ ነው።

መጽሐፉን እዚያው ቆማችሁ መርምሩ። መጽሐፍ የሚታተመው ትልቅ ወረቀት ታጥፎ ብዙ ጊዜ 16 ገጽ እየሆነ ነው። ስለዚህ ጉድለት ሲኖር አንድ ገጽ አይደለም የሚጎድለው፤ ከ64 ወደ 81 ዘሎ፣ ወይም ከ49 እስከ 64 ያለው ሁለቴ ገብቶ፣ ወይም 16ቱም ገጽ ተገልብጦ ታገኙታላችሁ። የገጽ ቁጥሩን በየ16ቱ ማየት ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። የመጨረሻዎቹን ሦስት ቅጠሎችም እዩ፤ አሮጌ መጽሐፍ የሚጎድለው መጨረሻው ነው፣ ታሪኩ ሳይፈታ የቀረበት ልጅ ደግሞ ቀጣዩን መጽሐፍ ሲቀበል ይጠራጠራል። ከዚያ መሀሉ ላይ ከፈት አድርጋችሁ ጀርባውን ጫን በሉት። «ቀጭ» ካለ በሙጫ ብቻ የተያያዘና የደረቀ ነው፤ 60 ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ ሁለት ሳምንት አይቆይም።

የደረቀው ጀርባ ግን ይታደሳል፤ ባለሱቁም ስለሚያውቀው ዋጋ ይቀንስላችኋል። ከጀርባው 1 ሳንቲሜትር ገባ ብላችሁ በወስፌ አራት ቀዳዳ ብሱ፣ በጠንካራ ክር ወይም በቀጭን ሲባጎ ሰፍታችሁ ቋጥሩ፣ ጀርባውን ቪናቪል (ነጭ ሙጫ) ቀቡና ከባድ ነገር ጭናችሁ አሳድሩት። ስፌቱ ወደ ውስጥ ያለውን ኅዳግ ስለሚበላ፣ ኅዳጉ ከ2 ሳንቲሜትር ያነሰ መጽሐፍ ከተሰፋ በኋላ የመስመሩ ጫፍ አይነበብም፤ ያንን አትውሰዱ። ስኮች ጀርባ ላይ አትለጥፉ። ሙቀት ሲያገኘው ማጣበቂያው ይቀልጥና አጠገቡ ያለውን መጽሐፍ ይዞ ይመጣል።

አሁን ብሩ። ዋጋ በየወሩ ስለሚንቀሳቀስ የብር ዝርዝር ማስቀመጥ ዋጋ የለውም፤ የሚጠቅመው ስሌቱ ነው። ኪራይ ከመዋዋላችሁ በፊት «ይህን መጽሐፍ ገዝቼ በመንፈቁ መጨረሻ ብመልስልህ በስንት ትገዛኛለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። 300 ብር የሚሸጠውን በ150 መልሶ የሚገዛ ከሆነ፣ ገዝቶ መመለሱ የሚያስወጣው 150 ብር ነው። የመንፈቁ ኪራይ ከዚያ ካላነሰ መከራየቱ ለስሙ ነው። የቀን ኪራይ ደግሞ ለክፍል ፈጽሞ አይሆንም፤ ለአንድ ሰው ሦስት ቀን ተብሎ የወጣ ታሪፍ በ25 መጽሐፍና በ18 ሳምንት ሲባዛ ከመግዣው ያልፋል። ድርድሩ በጥቅል፣ በመንፈቀ ዓመት ይሁን።

መያዣው ነው ጉልበት የሚፈትነው። ለ60 ተማሪ 70 መጽሐፍ ቢወሰድና እያንዳንዱ 300 ብር ቢገመት 21,000 ብር መያዣ ነው፤ ከመምህር ደመወዝ አይወጣም። በ25 መጽሐፍ 7,500 ይሆናል። መታወቂያ ይዞ ግማሹን መያዣ የሚተው ባለሱቅ ይገኛል፤ ቋሚ ደንበኛ መሆናችሁን ካመነ ማለት ነው። ሁለተኛው መሰናክል ደረሰኝ ነው። ትምህርት ቤቱ ከስኩል ግራንት (ለትምህርት ቤቶች ከሚሰጠው የድጎማ ገንዘብ) ሊከፍል ቢፈልግ እንኳ ሕጋዊ ደረሰኝ ከሌለ ገንዘብ ያዡ አይከፍልም፤ ብዙዎቹ ሱቆች ደግሞ ደረሰኝ የላቸውም። ወጪው እንዲህ እየሆነ መምህሩ ኪስ ውስጥ ይቀራል። ደረሰኝ የሚቆርጥ ሱቅ ካገኛችሁ፣ መጽሐፉ አነስ ቢልም እሱን አስቀድሙ።

25 መጽሐፍ ለ60 ተማሪ እንዴት ይበቃል? ክፍሉ በሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ 20 ተማሪ ነው እንበል። አንዱ ረድፍ ለ3 ሳምንት መጽሐፍ ይይዛል፣ ቤትም ይወስዳል፤ ትርፉ 5 መጽሐፍ ለመቀየሪያ ነው። ያለ ትርፍ ቅያሪ የለም፣ ቅያሪ ከሌለ ደግሞ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። የቀሩት 40 ተማሪዎች ክፍል ውስጥ የሚቀር በራሪ መድበል፣ ማለትም ፎቶኮፒ ሆኖ የታጠፈ አንድ አጭር ታሪክ፣ ለሁለት ለሁለት ያነባሉ። ዙሩ በ9 ሳምንት ይዞራል፣ በመንፈቅ ሁለት ጊዜ።

በራሪ መድበሉን የሚሠራው ፎቶኮፒ ቤቱ ነው፤ እዚህ ላይ የሐዋሳ ፎቶኮፒ ቤቶች ከመጽሐፍ ሱቆቹ ይልቅ ይመሰገናሉ፣ ሥራውን ካስረዳችኋቸው። አንድ ኤ4 ወረቀት በሁለት ፊት፣ በእያንዳንዱ ፊት ሁለት ገጽ ሲያርፍበት 4 ገጽ ይይዛል። 12 ገጽ ያለው ታሪክ 3 ወረቀት ነው። ለ40 ተማሪ 20 ቅጂ ሲሆን 60 ወረቀት፤ 500 ወረቀት ያለው አንድ ፓኬት ስምንት ታሪክ ያወጣል፣ 20 ወረቀትም ይተርፋል። የሚበላሸው ገጽ አደራደሩ ላይ ነው። በመጀመሪያው ወረቀት አንድ ፊት ከግራ 12፣ ከቀኝ 1 ይቀመጣል፤ በጀርባው ከግራ 2፣ ከቀኝ 11። ማሽኑ ወረቀቱን በአጭሩ ጠርዝ በኩል እንዲገለብጥ ንገሯቸው፤ በረጅሙ ከገለበጠው ግማሹ ገጽ ተዘቅዝቆ ይወጣል። አንድ ቅጂ አስወጥታችሁ፣ አጥፋችሁ፣ ቆጥራችሁ ሳታዩ «ቀጥል» አትበሉ። ስቴፕሉ እጥፋቱ ላይ ሁለት ቦታ ይመታ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለማስተማሪያ በልኩ ማባዛትን ይፈቅዳል፤ ሙሉ መጽሐፍ ማባዛት ግን ከልኩ ያልፋል፤ ከአንድ መድበል አንድ ታሪክ ብቻ ውሰዱ።

15 ደቂቃው ክፍለ ጊዜው ሲጀመር ይሁን። መጨረሻ ላይ ከተተወ ሁልጊዜ በማስታወሻ ይበላል። መምህሩም ይቀመጥና ያንብብ፤ ደብተር የሚያርም መምህር ፊት ማንም አያነብም። በመጀመሪያው ሳምንት መጽሐፍ ከማደል በፊት ከአምስት መጽሐፍ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች ጮክ ብላችሁ አንብቡና ነገሩ ሲጠነክር ዝጉት። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ልቦለድ ሲተርክ አድማጩን ወደ መጽሐፉ የወሰደው ድምፅ ነበር፤ ለዛሬ ጎረምሳም ይሠራል። ድምፃችሁ ካልሆነ፣ ከክፍሉ ጥሩ አንባቢ አታጡም።

የማይሠራው ደግሞ ይታወቃል። ማጠቃለያ ጽፈህ አምጣ ማለት የመጀመሪያው ገዳይ ነው፤ ልጁ ከጓደኛው ይገለብጣል፣ መጽሐፉን መክፈት ያቆማል። ከተከታታይ ምዘናው ነጥብ መስጠት ካስፈለገ ነጥቡ መጽሐፍ ይዞ ለመገኘት ይሁን እንጂ ስለ ይዘቱ ፈተና አታውጡ። አንድ መስመር የሚጻፍበት ካርድ ይበቃል፤ ቀን፣ የመጽሐፉ ቁጥር፣ የደረሰበት ገጽ፣ «ልቀጥል» ወይም «ልቀይር»። ሳምንት ሙሉ ገጹ ያልተንቀሳቀሰ ልጅ ሲታይ «ለምን አላነበብክም?» አይባልም፤ «ይቀየርልህ?» ነው የሚባለው። የገጹ ቁጥር በአንድ ቀን 40 የዘለለም እንዲሁ ነው፤ አላነበበም፣ መጽሐፉም አልሆነውም።

መጽሐፍ ይጠፋል፤ ያለ ጥፋት የሚሄድ ፕሮግራም የለም። ከ25ቱ 2 ወይም 3 ይጠፋል ብላችሁ በጀት ያዙ፣ ከባለሱቁ ጋርም የጠፋው በምን ዋጋ እንደሚታሰብ ቀድማችሁ ጻፉ፤ በመጨረሻው ቀን «ይሄ እኮ ከገበያ የጠፋ መጽሐፍ ነው» የሚል ዋጋ እንዳይመጣ። አንዳንዱ መጽሐፍ አይጠፋም፣ ይሸጣል፤ ያውም ለዚያው ለተከራያችሁበት ሱቅ ወይም ለጎረቤቱ። መከላከያው ማኅተም ነው፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ይቀደዳል፣ ስለዚህ በሁሉም መጽሐፍ አንድ ቋሚ ገጽ፣ ለምሳሌ 33ኛው ላይ ምልክት አድርጉና ቁጥሩን ለባለሱቁ ብቻ ንገሩት። መዝገቡን የክፍል አለቃው ሳይሆን የየረድፉ ተጠሪ ይያዝ፤ 20 ሰው የሚቆጣጠር ልጅ ያስመልሳል፣ 60 የሚቆጣጠረው ግን ይሰለቻል። መጽሐፍ የሚያድርበት ሳጥን መሬት ላይ አይቀመጥ፤ ምስጥ ከታች ነው የሚጀምረው፣ በክረምትም እርጥበቱ ሽፋኑን ያሻግተዋል። ሁለት ጡብ ማስደገፍ ይበቃል።

ልጆቹን ራሳቸውን ወደ ሱቁ መላክ ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። ግን ሱቆቹ ጠባብ ናቸው፣ ደጃፋቸው ላይ የሚቆመው ወጣት ወንድ ነው፤ ብዙ ሴት ተማሪዎች ገብተው አገላብጠው መምረጥ አይመቻቸውም። ባለሱቁ 25 መጽሐፍ በካርቶን አድርጎ በባጃጅ የሚልክ ከሆነ ሴቶቹም ወንዶቹም እኩል የሚመርጡት ክፍል ውስጥ ነው። ይህን ያለ ክፍያ የሚያደርግ ሱቅ ካለ ከኪራዩ ቅናሽ ይልቅ ይህን ተቀበሉ።

ስለ ቴሌግራም ብዙ ማለት አያስፈልግም። ነፃ ነው፣ የሌለ መጽሐፍ የለም ማለት ይቻላል፣ የደራሲውን መብት የሚነካው ግን አብዛኛው ነው። በትንሽ ስክሪን ላይ ስካን የተደረገ ገጽ በየመስመሩ እያሳደጉና እየጎተቱ ማንበብ ደካማውን አንባቢ ከመስመሩ ያወጣዋል፤ ከላይ መልእክት ሲመጣ ደግሞ ታሪኩ ያበቃል። ስልክ የሚከለክል ትምህርት ቤት ከሆነም ክፍል ውስጥ አይገባም። ጎበዝ አንባቢ ለሆኑት አምስት ልጆች ይጠቅማል፤ እነሱ ደግሞ ያለ እናንተም ያነባሉ። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ለጥናት ጸጥታ ይበቃል፤ ልቦለዱ ያለው ግን ብዙ ጊዜ የተቆለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ቁልፉ ያለበትን ሰው ካወቃችሁ ከኪራይ በፊት እሱን ሞክሩ።

ነጥብ ከተሰጠ፣ የሱቆቹ ቅያሪ ከ5 4 ያገኛል፤ የክምችታቸው ስብጥር 2 ተኩል፣ የመጽሐፎቹ አካላዊ ይዞታ 3፣ ደረሰኝና ውል 1። ጥቅልል አድርጎ ሲታይ 3 ነው። ለመንፈቅ በጥቅል ተዋውሎ፣ ስስ መጽሐፍ አስመርጦ፣ ከፎቶኮፒ ጋር አጣምሮ ለሚጠቀም መምህር ከዚህ የሚረክስ አማራጭ ከተማው ውስጥ አይታይም። ባለሱቁ የመረጠለትን 25 መጽሐፍ ተቀብሎ ለሚሄድ ግን ብሩ ባክኗል።

የሚሄዱበት ጊዜም ለውጥ አለው። መስከረምና ጥቅምት ሱቁ በመማሪያ መጽሐፍ ገበያ ስለሚጨናነቅ ማንም ቆሞ ስስ መድበል አይፈልግላችሁም፤ ኅዳር ላይ፣ በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ። ሁለተኛው መንፈቅ ላይ የመመለሻውን ቀን ስትቆርጡ የፍቼ ጨምበላላን ሳምንት ራቁ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ቀኑን አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ከዋክብትን አይተው ስለሚያውጁት ገና በመስከረም አይታወቅም፤ በዚያ ሳምንት የተቆረጠ የመመለሻ ቀን ሁሉ ይዘገያል፣ የዘገየው ደግሞ በቀን ይታሰብባችኋል። ውሉ ላይ «ትምህርት በተቋረጠባቸው ቀናት ልክ ይራዘማል» የሚል አንድ መስመር አስገቡ። የመጽሐፎቹ ዝርዝር በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፣ በየመጽሐፉ ትይዩ ሽፋኑ፣ ጀርባውና የጎደለው ገጽ ይጻፍ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። መያዣው ሲመለስ ሁለቱም ቅጂ ላይ «ተመላሽ» ተብሎ ካልተፈረመ፣ በሚቀጥለው መንፈቅ ስትመጡ ያልመለሳችሁት መጽሐፍ ይጠብቃችኋል።